የድሮውን ዘፈን መድገም ይብቃን ወይስ ይቀጥል?

የቦርከና ልጅ፦ ባለፈው እሁድ እዚህ ኮምቦልቻ ሰርግ ነበርኩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ እስኪመሽ ድረስ የተጫወተው ሁሉ እኛ ሳንወለድ የወጣ ዘፈን ነው። አንድ ልጅ የራሱን ሊዘፍን ማይክ ያዘ። ከኋላ "የምናውቀውን በለን!" ብለው ጮሁበት። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ማይኩን መለሰ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። እኔ በቃ እላለሁ። ወጣት ዘፋኞቻችን የድሮውን መድገም ያቁሙ። እናንተስ?

ሸዋበር፦ ኧረ በአላህ! ምኑን ነው የሚያቆሙት? በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙዚየማችን ተዘረፈ። የእኛም ቤት ተሰብሮ፣ አባቴ በካርቶን ያስቀመጣቸው ካሴቶች ወለሉ ላይ ክራቸው ተመዞ ነው ያገኘናቸው። ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ እያዞረ ሊጠቀልላቸው ሲሞክር አይቻለሁ። ሦስቱ ብቻ ዳኑ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ የድሮ አምባሰል ሲዘፍን ስሰማ ደግሞ ደጋገመው አልልም፣ እሰይ ነው የምለው።

ክራር ተማሪ፦ ሸዋበር፣ ያልሽው አንጀት ይበላል። ግን ዘፈኑና ቅኝቱ ተደባልቆብናል። ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል ስማቸው ራሱ የእኛው የወሎ አገር ነው። ቅኝት ማለት አምስት ድምፅ ነው እንጂ ያለቀለት ዘፈን አይደለም። ከትዝታ ወደ ባቲ ስሄድ የክራሬን ክር ላላ ጠበቅ አድርጌ እቃኛለሁ፣ ከዚያ በኋላ የምለው የራሴ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር እነዚህኑ ቅኝቶች ነው ይዞ የገባው። አሁን የሚደረገው ሌላ ነው። ልጆቹ የሚቀዱት ካሴቱን ነው፤ ዘፋኟ ትንፋሽ የወሰደችበትን ቦታ ሳይቀር።

የቦርከና ልጅ፦ እሱን ነው የምለው! ግጥሙም ላይ ያው ነው። ወንዝ ወርዳ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ይዘፈንላታል። እኔ የወደድኳት ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ የማታ ፈረቃ ትገባለች፣ ሌሊት በሰርቪስ ትመለሳለች። ለእሷ ማን ይዝፈንላት?

ሕግ የማይ፦ አንድ ነገር ላስገባ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱ የተጠበቀ ነው። "ድሮ ነው" ተብሎ ሳይጠየቅ የሚነሳ ዘፈን ብዙው ባለቤት አለው። ሰርግ ላይ ማንም አይጠይቅ ይሆናል፣ አልበም ሲሆን ግን ማስፈቀድ ግድ ነው።

ጋሼ ፒያሳ፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኛ ወጣት ሆነን ያ ዘፈን አዲስ ነበር። የወሎው የኪነት ቡድን ላሊበላ ኪነት የገጠሩን ዜማ መድረክ ላይ ሲያወጣ "አበላሹት" ያለ ሽማግሌ ሞልቶ ነበር፣ አባቴ አንዱ ነው። ዛሬ እናንተ ትዝታ የምትሉት ያንኑ የተበላሸውን ነው። ሸዋበር፣ የአባትሽን ካሴት እንዳትጥዪ። ግን ካሴት የሚቀመጠው አዲሱን አፍ ለማስያዝ አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ከዘፋኙ ይልቅ ጨፋሪው ነው። አንድ ሙሉ ዘፈን ታግሶ የማይሰማ ሕዝብ ፊት ማን ደፍሮ ይፈጥራል?

ሸዋበር፦ እሺ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። መድገሙ ይቁም የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ሰርጉ ለሁለቱም ይበቃል።

ክራር ተማሪ፦ የኔም ሐሳብ እሱ ነው። የድሮውን ሲዘፍኑ አስፈቅደውና በደንብ አጥንተው፣ አዲሱን ሲያመጡ ደግሞ በባቲም በአምባሰልም ስለ ፈረቃዋ ልጅ።

ጋሼ ፒያሳ፦ የቦርከና ልጅ፣ ያንን ማይክ የመለሰውን ልጅ ታገኘዋለህ? ከፋሲካ በኋላ የወንድሜን ልጅ እንድራለን፣ እዚሁ ደሴ። ይምጣና ይዝፈን። እስኪጨርስ ድረስ ማንም አይጮህበትም፣ አጠገቡ እኔ እቆማለሁ።

የቦርከና ልጅ፦ ጎረቤቴ ነው ጋሼ። አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ።