ከብርድ ልብስ ውስጥ እንዴት ልውጣ?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት መንዝ ነው። እዚያ በግ እየጠበቅኩ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ነበር የምውለው። አሁን ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክላስ፣ ከዚያ ተመልሼ ብርድ ልብስ ውስጥ። የዚህን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ራሱ ጀግንነት ነው።

ብርዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ምንም ደስ አይለኝም። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ክላስ ውስጥ ግን ይጥለኛል። እናቴ ስትደውል "ደህና ነኝ እማዬ" ብዬ ቶሎ እዘጋለሁ። የላከችልኝ በሶ ከነፌስታሉ ሎከር ውስጥ ተቀምጧል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለድብርትም ይረዳል ይላሉ። ገባኝ። ግን አለመንቀሳቀሴ ነው ድብርት ውስጥ የከተተኝ ወይስ ድብርቱ ነው አልጋ ላይ ያሰረኝ? ጫማዬን አስሬ፣ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

እንዲህ ሆኖ የወጣ ካለ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት ጀመራችሁት? ብቻችሁን ወይስ ሰው ይዛችሁ? ሐኪም ጋ ስሄድስ ምን ብዬ ልጀምር? "ጸልይ" ያሉኝ አሉ፤ እጸልያለሁ። ሌላም ካለ ንገሩኝ።