ሰው ሠራሽ ፈርጥ ለቃል ኪዳን ቀለበት ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ሄለን፦ በጥር ልንጋባ ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እጮኛዬ ተበድሮ የአልማዝ ቀለበት ሊገዛ ሲነሣ ከለከልሁትና ሞይሳናይት የሚባለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ መረጥን። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ታላቅ እኅቴ ይህን ስትሰማ «ትዳር በውሸት ድንጋይ አይጀመርም» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ማናችን ነን ትክክል?

ዳዊት፦ አንቺ ነሽ። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለው መፈክር ለአልማዝ ነጋዴው ለዲ ቢርስ ኩባንያ በማስታወቂያ ድርጅት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። አያቶቼ በቁርባን ሲጋቡ ፈርጥ ያለው ቀለበት በዓይናቸው አላዩም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። የነጋዴን መፈክር የአባቶች ሥርዓት አድርገን እኅትና እኅት ይጣላል!

አልማዝ፦ እናቴ ስም ስታወጣልኝ ሞይሳናይት አላለችኝም፤ ስለዚህ ወገንተኛ ነኝ። ግን ልጄ ሄለን፣ ችግሩ ዋጋው አይደለም። ሰርግሽ ላይ አክስትሽ እጅሽን ይዛ «አቤት አልማዙ!» ስትል ምን ትመልሻለሽ? ፈገግ ብለሽ ካለፍሽ ውሸታሙ ድንጋዩ አይደለም። አቅም ካነሰ ልሙጥ ወርቅ አለ፤ ልሙጥ ቀለበት ሌላ ነገር ልምሰል ብሎ አያውቅም።

ወርቅ ሠሪው፦ ሃያ ዓመት ፒያሳ ወርቅ ቤት ሠርቻለሁ። ሰው ቀለበት ሊሸጥ ሲመጣ ፈርጡን የጨበጡትን ጥፍሮች በጉጠት ከፍቼ ድንጋዩን መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ወርቁ ብቻ ነው። «ይህስ?» ብለው መዳፋቸውን ሲዘረጉልኝ የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ፈርጥን ለክፉ ቀን ይሆናል ብላችሁ አትግዙ።

ሰው ሠራሽ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ (ሞዝ) ከፍተኛው 10 ነው፤ የአልማዝ ጥንካሬ 10 ነው፤ ሞይሳናይት 9.25፤ ኩቢክ ዚርኮንያ የሚባለው ሌላው አልማዝ አስመሳይ ግን 8 አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ ሲደረግ ይጫጫርና ይደበዝዛል። ሞይሳናይት ሙቀት በደንብ ስለሚያስተላልፍ በሙቀት የሚሠራውን መፈተኛ መሣሪያ ያታልለዋል፤ መሣሪያው አልማዝ ነው ይላል። በማጉያ መነጽር አጋድላችሁ ስታዩት ግን የጠርዞቹ መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። አልማዝ ላይ ይህ የለም።

ብሩክ፦ አንድ ነገር ተረሳ። በላብራቶሪ የሚያድገው አልማዝ አስመሳይ አይደለም፤ እንደ ማዕድኑ ካርቦን ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ከአልማዝ ትርጓሜ ውስጥ «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል አውጥቷል። በዚያው ዓመት ራሱ ዲ ቢርስ ሰው ሠራሹን በካራት (በፈርጥ ክብደት መለኪያ) 800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ገበያው ከዚያም በታች ወርዶ፣ በ2025 ያንን ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እትዬ አልማዝ፣ ታዲያ ይህንንስ ውሸት ይሉታል?

አልማዝ፦ እርሱንስ አልልም። ስሜን አትንኩብኝ እንጂ በእሳትም ይሠራ በምድር ሆድ ግድ የለኝም።

ሰሎሞን፦ የቦትስዋና ዋና ከተማ ጋቦሮኔ ለሥራ ኖሬያለሁ። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድሆች አንዷ ነበረች፤ መንገዷንና ትምህርት ቤቶቿን የሠራችው በአልማዝ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ የአገሪቱ ኢኮኖሚ አብሮ ወደቀ። ርካሹን ስንመርጥ ደመወዙ የሚቀርበት አፍሪካዊ እንዳለ ማንም አላነሣም።

ዳዊት፦ ሴራሊዮንንስ? ብዙ ሰው እጁ የተቆረጠበት ጦርነት ስንቁ አልማዝ ነበር። የጦርነት አልማዝ ገበያ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፉ የኪምበርሊ አሠራርም «የግጭት አልማዝ» የሚለው አማፂያን የሚሸጡትን ብቻ ነው፤ የመንግሥት ወታደር ቆፋሪውን ቢደበድብ በትርጓሜው ውስጥ አይገባም።

ሰሎሞን፦ እሺ፣ እርሱ እውነት ነው። ግን ለሴራሊዮን ጥፋት ቦትስዋና ለምን ትክፈል?

መቅደስ፦ አገር ቤት የወሎ ኦፓል እያለ! ደላንታ ላይ የሚወጣውን ለምን አታደርጊውም?

ወርቅ ሠሪው፦ ለጉትቻ ግሩም ነው፤ ለጣት ግን አልመክርም። ለስላሳ ነው፤ ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፤ ዕቃ ስታጥቢ ቀለሙ ይጠፋና እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል።

ሄለን፦ ሞይሳናይቱን አዝዘናል። አክስቴ ከጠየቀችኝ ስሙን እነግራታለሁ፤ ስሙን መጥራት ከቻለች። እኅቴ አሁንም ስልክ አታነሣም።

ወርቅ ሠሪው፦ ጥፍሩ ባለ ስድስት ይሁን በያቸው። አራት ከሆነ አንዱ ሲላላ ፈርጡ ይወድቅብሻል።