ልጄን ከገጼ ላይ ላወጣት ነው፤ ለተከታዮቼ ምን ልበል?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በ2011 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ቀርቤ ትንሽ ታዋቂ ሆንኩ። ያኔ መታየት ደስ ይለኝ ነበር። ስወልድም ልጄን ከአራስ ቤት ጀምሮ በፌስቡክ ገጼ አሳየኋት። አሁን 4 ዓመቷ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በቤት ስሟ ጠራት። ከረሜላ ዘረጋላት። እጄን ለቃ ሄደችለት። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ ካሜራ ፊት የቆምኩት ፈቅጄ ነው፤ እሷን ማን ጠየቃት?

ማታውኑ ፎቶዎቿን አጠፋሁ። ሌሎች ገጾች ግን ቪዲዮዎቿን ወስደው ለጥፈዋል። ፌስቡክ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምስል እንዲጠፋ ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ጠየቅኩ፤ ሁለቱ ጠፉ፣ የቀሩት እስካሁን አሉ። ተከታዮቼ ደግሞ «ልጅቷ ታመመች እንዴ?» እያሉ በመልእክት አጨናነቁኝ። ገጹን እንዳልዘጋው የመንዝ ባና የምሸጠው በእሱ ነው። የቤት ኪራዬ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ልጆቻችሁን ከሰው ዓይን አውጥታችሁ ሥራችሁን በዚያው ገጽ የቀጠላችሁ እናቶች፣ ለተከታዮቻችሁ ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው?