ሰው ሰው የሚመስል ስዕል የት ልይ?

ሰላም ቤቶች፣ አብስትራክት (ምኑ ምን እንደሆነ የማይለይ ስዕል) ሲያሳዩኝ ጭንቅላቴ ይዞራል፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ምስል ያለበት ኤግዚቢሽን የት አገኛለሁ? ደሞ ጋለሪ የማይገዛ ሰው ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?

የቦሌዋ፦ ኧረ ግባ ማንም አይዝህም 😂 የታደሰ መስፍንን ስራ ፈልግ፣ የጉሊት ሴቶችን እንደ ሀውልት አግዝፎ ነው የሚስላቸው፣ እኔማ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ እትዬ ትዝ ብላኝ ፊቱ ቆሜ ቀረሁ

ቀለሜ፦ ተስፋዬ ኡርጌሳም የሱ ተማሪ ነበር እኮ፣ በፈረንጆቹ 2024 ቬኒስ ቢየናሌ (ጣሊያን ያለው ትልቁ የዓለም የስዕል ኤግዚቢሽን) ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ፓቪሊዮን፣ ማለትም የራሷ ማሳያ ቦታ፣ ሲኖራት ያቀረበው እሱ ነው። ግን አካሉ የተቆላለፈ ሰው ነው የሚስለው፣ የሰርግ ፎቶ እንዳትጠብቅ

የቦሌዋ፦ ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየምም አለልህ፣ ሰውየው ራሱ ግን በአብስትራክት ነው የሚታወቀው፣ ጭንቅላትህን ያዝ

ጠያቂው፦ ሃሃ እሺ ቅዳሜ እሞክራለሁ