«ላይክሊ» ሲሉ ምን ያህል እርግጠኛ ናቸው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አየር ንብረት የተጻፈ ዘገባ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። የእርግጠኝነት መጠን የሚገልጹት «ፖሲብል»፣ «ፕሮባብል»፣ «ላይክሊ» ይፈራረቃሉ። ሁሉንም «ሊሆን ይችላል» ብዬ አለፍኳቸው። ትናንት ማታ መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። ጸሐፊው ለይቶ ያስቀመጠውን እኔ ደባልቄዋለሁ። እናንተ እንዴት ትለዩአቸዋላችሁ?

መልስ 1፦
ዘገባው የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ) ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ለቃላቱ ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። «ላይክሊ» ከ66 በመቶ በላይ፣ «ቬሪ ላይክሊ» ከ90 በላይ፣ «ቨርቹዋሊ ሰርተን» (እርግጥ ለማለት የቀረበ) ከ99 በላይ ነው። «ሊሆን ይችላል» በጣም ያንስበታል። እኔ «የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው» እላለሁ።

መልስ 2፦
ቁጥር ከሌለ ግን ጣጣ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትጠቃ የምትችልበት «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (አሳሳቢ ዕድል) አለ ብለው ጻፉ። ከተንታኞቹ አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት በኋላ ባልደረቦቹን «ስንት በመቶ ማለታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው ከ20 እስከ 80 በመቶ ተራራቀ። አስቢው፣ ሁሉም የተስማሙበት ሐረግ እኮ ነው!

መልስ 3፦
«ገስ» እና «ኢስቲሜት»ንም እይልን እህቴ። ሁለቱንም «ግምት» ማለት ለምዶብናል። «ኢስቲሜት» መነሻ መረጃና ስሌት አለው፤ «ገስ» ያለዚያም ይሆናል። «ገስ»ን «መላምት» እንዳትይው ብቻ። እሱ ለ«ሃይፖተሲስ» ተይዟል።

ተርጓሚዋ፦
ዘገባው የአይፒሲሲ ነው። ከገጽ 1 እንደገና ጀምሬዋለሁ። ተባረኩ።