ብላንኩ ራሱ ሰማያዊ ሆነብኝ፤ የጣና ናሙና ዛሬ ማለቅ አለበት

ሽምብጥ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ። የጣና ውሃ ፎስፌት በአስኮርቢክ አሲድ ዘዴ እየለካሁ ነው፤ ብላንኩ (ናሙና የሌለበት፣ በንጹሕ ውሃ የሠራሁት ማነጻጸሪያ) ሰማያዊ እየሆነ አስቸገረኝ። በ880 ናኖ ሜትር ብርሃን መለኪያው 0.041 አብዞርባንስ (የተዋጠ ብርሃን መጠን) አነበበ። ናሙናው ትናንት ጠዋት ከዓባይ መውጫ አካባቢ በጀልባ የመጣ ነው፤ 48 ሰዓት ሳይሞላው መጨረስ አለብኝ። ብላንኩን ቀንሼ ልቀጥል?

ዘጌ፦ እንዳትቀንስ! ኩቬትህ (ፈሳሹ የሚነበብበት ትንሽ ዕቃ) ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.041 ማለት በሊትር 65 ማይክሮ ግራም ፎስፈረስ ገደማ ነው። የምትፈልገው 10 ማይክሮ ግራም ቢሆን የሚሰጥህ 0.006 ብቻ ነው፤ ብላንኩ ይውጠዋል። ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ኩቬት ካለ እሱን ተጠቀም። ብላንክ የሠራህበት ውሃስ ከየት ነው?

ዓባይ ማዶ፦ ዕቃው ነው። በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ይሆናል፤ ፎስፌት ብርጭቆ ላይ ይጣበቃል። ሞቅ ባለ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጠበው፣ በዲአዮናይዝድ ውሃ አምስት ስድስቴ አለቅልቀው። ከዚያ ለፎስፌት ብቻ ለይተህ አስቀምጥ።

የጣና ልጅ፦ ሐይቁ ቡናማ፣ ብላንኩ ሰማያዊ፤ ቀለም ተቀያየሩ 😀 ለማንኛውም ያንኑ ብላንክ በ10፣ በ20፣ በ30 ደቂቃ አንብበው። ባለበት ከቆመ ብክለት ነው። እየጨመረ ከሄደ ግን አሲድህ አንሷል።

ቤተ ሙከራ፦ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ኦርቶፎስፌት (ይህ ዘዴ በቀጥታ የሚለካው ነጠላ ፎስፌት) ብቻውን ለምን እንደሚለካ ነው። ለእምቦጭ ጉዳይ ከሆነ አንድ ቀን የተቀዳ ውሃ ብዙ አይነግርህም። የሟሟውን ፎስፌት አልጌውም አረሙም ቶሎ ይወስዱታል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ከሚያመጡት ደለል ጋር የተጣበቀው ደግሞ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር ላይ ይቀራል። ጠቅላላ ፎስፈረስ አብሮ ካልተለካ ግማሹ ሥራ አልተሠራም።

ሽምብጥ፦ በ10 ደቂቃ 0.041፣ በ20 0.058፣ በ30 0.077። ኩቬቱ ባለ 1 ነው።

የጣና ልጅ፦ በቃ፣ አሲዱ ነው። አሲድ ሲያንስ ሞሊብዴቱ ፎስፌት ሳይኖርም በራሱ ሪዲዩስ ሆኖ (ኤሌክትሮን ተቀብሎ) ሰማያዊ ይሆናል። ናሙናው ላይ ደግሞ ሲሊካው ይገባብሃል፤ የጣና ተፋሰስ ባዛልት ስለሆነ ሲሊካ አያጣም። 5 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ እንደ አዲስ ሥራ፦ 70 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አሲድ፣ ቀስ እያልክ ወደ ውሃው (ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም!)፣ ሲቀዘቅዝ እስከ 500 ሙላው። ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር ከዚህ አሲድ፣ 5 አንቲሞኒ ታርትሬት፣ 15 ሞሊብዴት፣ 30 አስኮርቢክ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፤ እያንዳንዱን ጨምረህ በጥብጥ። ሁሉም የክፍሉ ሙቀት ላይ ይድረስ። ቅልቅሉ የሚቆየው 4 ሰዓት ነው። ለ50 ሚሊ ሊትር ናሙና 8 ሚሊ ሊትር፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንብብ።

ዓባይ ማዶ፦ ዕቃውንም በአሲድ እጠበው ብያለሁ። አዲስ ሬጀንት (የመለኪያ ኬሚካል) በቆሸሸ ፍላስክ ዋጋ የለውም።

ዘጌ፦ አስኮርቢኩንም ተመልከት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት አያልፍም። ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ አስኮርቢክና አንቲሞኒ የሌለበት የናሙና ብላንክ ለየናሙናው ሠርተህ ቀንስ። እሱን መቀነስ ተገቢ ነው። ውጤቱን ስትጽፍ ፎስፈረስ ይሁን ፎስፌት ለይ፤ ልዩነቱ 3.07 እጥፍ ነው።

ሽምብጥ፦ አሲዱን እየሠራሁ ነው። ናሙናው እንዳይበላሽ ጀልባው ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ አድርጌበት ነበር፣ ችግር አለው?

ቤተ ሙከራ፦ አለው። ለኦርቶፎስፌት አሲድ አይጨመርም፤ ወዲያው አጣርቶ በረዶ ላይ ማድረግ ነው። አሲዱ ከደለሉ ላይ ፎስፈረስ ያላቅቃል፣ ሌላውንም ወደ ኦርቶ ይሰብረዋል። እነዚያን ጠርሙሶች ለጠቅላላ ፎስፈረስ አውላቸው፦ 50 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 0.4 ግራም አሞኒየም ፐርሰልፌት፣ 30 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያሞቅ ዕቃ) ውስጥ፤ ሲቀዘቅዝ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አመጣጥነው። በባሕር ዳር ከፍታ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይም ሙቀቱ 118 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቴርሞሜትሩን እመን። ለመሆኑ አሲዱን የጨመርከው ከማጣራትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ የምታገኘው የሟሟውን ጠቅላላ ብቻ ነው።