ጥያቄ፦ የገጸ ባሕርይ ጉድለት ወደ ውድቀት ያደረሰበትን መንገድ በድርሰት እንዴት ላሳይ?

ሦስተኛ ዓመት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በዘመን ተሻጋሪ ሥራዎች ውስጥ የዋና ገጸ ባሕርይ ጉድለት እንዴት አሳዛኝ ፍጻሜ እንደሚያስከትል 1,500 ቃል ገደማ ድርሰት መጻፍ አለብኝ፤ የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የመረጥኩት የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ማክቤዝ» ነው። በረቂቄ ላይ ኦቴሎ ቀናተኛ ስለሆነ ሚስቱን ገደለ፣ ማክቤዝ ሥልጣን ወዳድ ስለሆነ ንጉሡን ገደለ ብዬ አብራርቻለሁ። መምህሬ ኅዳጉ ላይ «ጠባያቸውን ነገርሽኝ፤ ጠባያቸው ወደ ሞት ያደረሰበትን መንገድ ግን አላየሁም» ብለው ጻፉልኝ። መንገዱን የማሳየው እንዴት ነው? ሦስተኛ ሥራ ብጨምርስ ይጠቅመኛል?

የቲያትር ሰው

እህቴ፣ መምህርሽ ቁልፉን ሰጥተውሻል። ጉድለቱን በቅጽል አትፈልጊው፤ በውሳኔ ፈልጊው። ኦቴሎ ተውኔቱ ሲጀምር ቀናተኛ አይደለም። እንዲህ የሆነበትን ለማሳየት ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጪ።

አንደኛው ገቢር 1 ትዕይንት 3 ነው። የሚስቱ የዴዝዴሞና አባት ብራባንሺዮ፣ ኦቴሎ ልጄን በአስማት አፍዝዞ ወሰዳት ብሎ በቬኒስ መስፍን ፊት ይከሰዋል። ኦቴሎ የሚመልሰው ምንድን ነው? ትጠራና በአባቷ ፊት ራሷ ትናገር፤ በእሷ ቃል ጥፋተኛ ሆኜ ከተገኘሁ ሹመቴን ብቻ ሳይሆን ሕይወቴንም ውሰዱ ይላል። ትጠራለች፣ ትመሰክራለች፣ ነፃ ይወጣል።

ሁለተኛው ገቢር 5 ትዕይንት 2፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው። አሁን ተከሳሿ እሷ ናት፤ ከምክትሌ ከካሲዮ ጋር ማገጥሽ፣ የሰጠሁሽንም መሐረብ ሰጠሽው ይላታል። መሐረቡን ለካሲዮ አልሰጠሁትም፤ ይጠራና እውነቱን ይናገር ብላ ትለምነዋለች። በገቢር 1 እሱ ጠይቆ የተፈቀደለትን ያንኑ ነገር ነው የጠየቀችው። እሱ ግን ካሲዮ እንዲገደል ቀድሞ አዝዟል፤ ምስክሩ የሞተ ይመስለዋል። ሳትደመጥ ታንቃ ትሞታለች። እኔ ይህን ተውኔት ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚሰብረው ይኼ ነው፦ ፍትሕ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

በሁለቱ መካከል ገቢር 3 ትዕይንት 3 አለ። ሲከፈት ሚስቱን የሚወድ ባል ነው፤ ሲዘጋ ካሲዮ በሦስት ቀን ውስጥ ይሙት ብሎ አዝዟል። መሐል ላይ ሳላይ አልጠራጠርም፣ ከተጠራጠርኩም አረጋግጣለሁ ይላል። ችግሩ ማስረጃውን የሚያቀርብለትም፣ የሚፈታለትም ያው ተንኮለኛው የበታች መኮንኑ ኢያጎ መሆኑ ነው። ለምን እንዲህ አመነው? ኦቴሎ የጦር አዛዥ ነው። ፈጥኖ መወሰንና አብሮት የተዋጋን መኮንን ማመን ለሹመት ያበቁት ብርታቶቹ ናቸው። በዚያ ላይ ለቬኒስ ባዕድ ነው፤ ኢያጎ የአገሬን ሴቶች ጠባይ አውቃለሁ ሲለው የሚመልስለት የለውም። የሚስቱ አጃቢ ኤሚሊያ በገቢር 4 ንጹሕ ናት ብላ ብትምልለት አልተቀበላትም። ቅናቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሦስቱን ትዕይንቶች በቅደም ተከተል ጻፊያቸው፤ መንገዱ ራሱ ይታያል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ካገኘሽ ጥቅሶቹን ከዚያ ውሰጂ፤ በራስሽ ከመተርጎም ይሻልሻል።

ማታ አንባቢ

ለማክቤዝ የጦር ጓዱን ባንኮን ተጠቀሚበት። ጠንቋዮቹ ትንቢት የነገሩት ለሁለቱም ነው፤ ባንኮንም ዘሮችህ ይነግሣሉ ብለውታል። ባንኮ ግን ዙፋን ብሎ ማንንም አልገደለም። ስለዚህ ጥፋቱን በትንቢቱ ላይ መጫን አይቻልም።

ገቢር 1 ትዕይንት 7ንም እይ። ማክቤዝ ብቻውን ሆኖ ንጉሡን ዱንካንን የማይገድልበትን ምክንያት ይዘረዝራል፦ ዘመዴ ነው፣ ንጉሤ ነው፣ እንግዳዬ ነው፣ ደግ ገዥ ነው። ከምኞት በቀር የሚገፋኝ የለም ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል፤ ለሚስቱም ነገሩን እንተወው ይላታል። በዚያው ትዕይንት ሐሳቡን ታስለውጠዋለች። እንግዲህ ትክክሉን እያወቀ የማይጸና ሰው ነው፤ «ሥልጣን ወዳድ» የሚለው ይህን አይገልጸውም። ከዚያ ወዲያ አንዱ ግድያ ሌላውን ይጠራል፦ ዱንካን፣ ጠባቂዎቹ፣ ባንኮ፣ በመጨረሻም የባላባቱ የማክደፍ ሚስትና ልጆች። ማክደፍ ያኔ ወደ እንግሊዝ ሸሽቷል፤ ቤተሰቡን መግደል ለዙፋኑ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። ማክቤዝን የገደለው ማክደፍ ነው።

የግሪክ ተውኔት ወዳጅ

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ርእሱ ራሱ ተማሪን ያሳስታል፤ መከራ ሁሉ ከጉድለት የሚመጣ ያስመስላል። አርስቶትል በ«ፖኤቲክስ» ምዕራፍ 13 ላይ የሚፈልገው ጀግና እጅግ ጻድቅም ክፉም ያልሆነ፣ በክፋቱ ሳይሆን በአንድ ስህተት የወደቀ ሰው ነው። የሶፎክልስ ኤዲፐስ አባቱን እንዲገድል የተነገረበት ገና ከጅምሩ ነው፤ ካሳደጉት ቤት የሸሸውም ይህን ላለመፈጸም ብሎ ነው። በ«ሮሜዮና ጁልየት» ወሳኙ ደብዳቤ ለሮሜዮ ያልደረሰው አድራሹ መነኩሴ በወረርሽኝ ፍርሃት ቤት ስለተዘጋበት ነው። ዴዝዴሞናስ ምን አጠፋች? ለእነዚህ ሰዎች አንድ አንቀጽ ስጫቸው፤ አለዚያ ድርሰትሽ ተጎጂዎቹን ይከሳል።

የቲያትር ሰው

ስለ ዴዝዴሞና ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። ኤዲፐስ ላይ ግን አንድ ልጨምር። አባቱን መግደሉም እናቱን ማግባቱም መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው፤ በመድረክ የምናየው የገዳዩን ፍለጋ ነው። ነቢዩ ጢሬስያስ፣ ሚስቱ ዮካስታ፣ እረኛው፣ ሦስቱም በየተራቸው ተው ብለውታል። ያልተወውም የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈትቶ ከተማዋን ያዳነ ሰው ስለሆነ፣ አሁንም ከተማዋ በመቅሠፍት እያለቀች ስለሆነ ነው። ይህን ጉድለት ለማለት አንደበቴ እሺ አይለኝም።

ሦስተኛ ዓመት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር በራልኝ። ለሦስተኛነት «ሐምሌት»ን አስቤ ነበር፤ ጉድለቱ ማመንታት ነው ብዬ። ወይስ «አንቲጎን»ን ወይም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ልውሰድ?

አንጋፋ መምህር

ልጄ፣ ሐምሌትን በዚህ ርዝመት አትንኪው። ያመነታል ስትዪ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ሳያይ የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን የወጋው ማን ነው ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። አባቱን የገደለውን ክላውዲየስን ሲጸልይ አግኝቶ የተወውም ነፍሱ እንዳትድን ብሎ እንደሆነ በራሱ አንደበት ይናገራል። ለብቻው ድርሰት የሚፈልግ ሰው ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ግሩም ምርጫ ነው፤ ግን ጥያቄሽን ይለውጠዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ መለሱ። ይህ ትዕቢት የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ያሳደጋቸው ሥርዓትም ነው። ጉዱ ካሣም የሚሟገተው ከሥርዓቱ ጋር ነው። የአንድ ሰው ጉድለት የሚያልቀውና የማኅበረሰብ ጉድለት የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚለውን ካነሳሽ 1,500 ቃል አይበቃሽም።

ስለዚህ «አንቲጎን»ን ውሰጂ፣ ከእሷም የአንቲጎን ወንድም እንዳይቀበር ያወጀውን፣ ልትቀብረው በመነሣቷም በዋሻ ያዘጋባትን ንጉሥ ክሬዎንን። ጉድለት ከውሳኔ ተለይቶ እንደማይኖር እንደ እሱ የሚያሳይ የለም። ልጁ ሄሞን ይመክረዋል፤ አይሰማም። ጢሬስያስ ያስጠነቅቀዋል፤ ገንዘብ በልተህ ነው ብሎ ይሰድበዋል። በኋላ ፈርቶ ሐሳቡን ሲለውጥ፣ መዘምራኑ (የከተማዋ ሽማግሌዎች) መጀመሪያ ልጅቷን ከዋሻው አውጣት፣ ቀጥሎ የወንድሟን ሬሳ ቅበር ይሉታል። ክሬዎን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ሬሳውን ቀብሮ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎን ራሷን ሰቅላለች። ሄሞን በአባቱ ፊት ራሱን ወጋ፤ እናቱ ዩሪዲቄም ይህን ሰምታ ራሷን ገደለች። ተጸጽቶ እንኳ ለሕያው ሰው ሳይሆን ለአዋጁ ነገር ነው የቀደመው። ብዙ አንባቢ ይህን ቦታ ሳያስተውለው ያልፋል፤ አንቺ ግን ከመልእክተኛው ንግግር አውጥተሽ ጥቀሺው።

አሁን ረቂቅሽ ላይ «ስለሆነ» የሚለውን ቃል እየፈለግሽ አስምሪበት። ባሰመርሽበት ሁሉ ማን አስጠነቀቀው፣ ምን መረጠ፣ ምን መምረጥ ይችል ነበር ብለሽ ጠይቂና መልሱን በቦታው ተኪ። ሲያልቅ እዚሁ ለጥፊው፤ አይልሻለሁ።